በማፍያው ውስጥ ያለው ኖራ፣ በግድግዳው ላይ ያለው ኖራ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፤ የቤት አያያዝ

በዚህ እትም የምመልሳቸው ደብዳቤዎች ሁሉም ከድሬዳዋና ከሐረር የመጡ ናቸው። እኔም ሐረር ተወልጄ፣ ድሬዳዋ ትዳር ይዤ ልጆች ያሳደግሁ ስለሆንሁ፣ ከተነሡት ችግሮች መካከል የእኔን ደጅ ያልረገጠ የለም ማለት እችላለሁ። ደብዳቤዎቹን አንድ ላይ ሳነብባቸው ያስገረመኝ ግን፣ አንዲት እናት ከውኃ ማፍያዋ ላይ አልለቅ ያላት ነጭ ነገርና አንድ አባት ግድግዳቸውን ይቀቡበት የነበረው ነጭ ነገር በመሠረቱ አንድ መሆኑ ነው፤ ሁለቱም ኖራ ናቸው። እርሷ እንዲለቅላት፣ እርሳቸው እንዲይዝላቸው ይፈልጋሉ። በእነዚህ ሁለቱ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እወስዳለሁ፤ የቀሩትን እንደ ክብደታቸው አያለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ባለቤቴ በሥራ ተዛውሮ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ከመጣን ዓመት ሊሞላን ነው። የኤሌክትሪክ ውኃ ማፍያዬ ወለሉ በነጭ ቅርፊት ተሸፍኗል፤ ሻይ ስቀዳ ስብርባሪው በብርጭቆው ላይ ይንሳፈፋል። በሽቦ ብፈትገው፣ በበረኪና ብዘፈዝፈው አልለቅ አለኝ። ሳሙናውም አረፋ አያወጣም፤ ያጠብሁት ልብስ ሲደርቅ እንደ ካርቶን ይገተራል። ውኃው የልጆቼን ጤና ይጎዳ ይሆን? (የሦስት ልጆች እናት፣ ከሳቢያን)

መልስ፦ በቅድሚያ የልጆችሽን ጉዳይ ላንሣ። ጎረቤቶችሽ ውኃውን «ጨዋማ» ብለው ነግረውሽ ይሆናል፤ በማፍያሽ ላይ የተጋገረው ግን የወጥ ጨው ሳይሆን ኖራ ነው። የድሬዳዋ ውኃ የሚሳበው ከጉድጓድ ነው፤ በከተማዋ ዙሪያ ደግሞ የኖራ ድንጋይ ሞልቷል፤ የሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ የተተከለውም ያለ ምክንያት አይደለም። የዝናብ ውኃ በዚህ ድንጋይ ውስጥ ሲሰርግ ካልሲየምና ማግኒዥየም እያሟሟ ይወርዳል። ውኃው ቀዝቃዛ ሳለ ጥርት ያለ ስለሆነ ምንም አይታይበትም፤ ሲፈላ ግን የሟሟው ኖራ ተመልሶ ድንጋይ ይሆንና ይበልጥ በጋለው ቦታ፣ ማለትም በማፍያው ወለል ላይ ይጋገራል። ይህ ቅርፊት ከሻይ ጋር ቢጠጣ መልኩ ያስጠላል እንጂ መርዝነት የለውም። የሚጎዳው ማፍያሽንና ኪስሽን ነው፤ በጋለው ብረትና በውኃው መካከል እንደ ብርድ ልብስ ስለሚጋረድ ውኃው ለመፍላት ይዘገያል፣ ኤሌክትሪኩ ይባክናል፣ ብረቱም ከልክ በላይ እየጋለ ቶሎ ይቃጠላል። ሐረር ያላችሁ አንባቢያንም፣ የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ከነበረበት ጊዜ ወዲህ የከተማችሁ ውኃ በብዛት ከድሬዳዋ አቅጣጫ ካሉ ጉድጓዶች እየተሳበ የሚወጣ በመሆኑ፣ ይህን መልስ ለእናንተም እንደተጻፈ ቁጠሩት።

በረኪናው ያልሠራልሽ ጉልበት አጥቶ አይደለም፤ ሥራው ሌላ ስለሆነ ነው። በረኪና ቀለም ያነጣል፣ ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ኖራን ግን አይነካውም። ኖራን የሚያሟሟው ኮምጣጣ ነገር ነው፤ ያም በየጓዳችን የማይጠፋው አቼቶ ወይም ሎሚ ነው። ይሁን እንጂ አሁኑኑ ተነሥተሽ አቼቶውን እንዳትጨምሪ፤ ማፍያሽን በበረኪና ዘፍዝፈሽ ነበርና መጀመሪያ ውኃ እየቀያየርሽ የበረኪናው ሽታ ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ አለቅልቂው። በረኪና ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ለሽንት ቤት ከሚሸጠው አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ ይህ ጋዝ ዓይን ያቃጥላል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ሲከፋም ሳንባን ይጎዳል። «ሁለቱ ተደባልቀው ይበረታሉ» ብለው የሚያምኑ ብዙ ሰዎች ስለማውቅ ነው ነገሩን ጠበቅ የማደርገው።

አለቅልቀሽ ስትጨርሺ እኩል በእኩል የተደባለቀ አቼቶና ውኃ ቅርፊቱን እስኪሸፍነው ድረስ ጨምሪበት፤ አንድ ጊዜ ሞቅ አድርጊውና ከሶኬቱ ነቅለሽ ተዪው። ጆሮሽን ጠጋ ብታደርጊ ቅርፊቱ ልክ አሁን እንደተከፈተ ለስላሳ መጠጥ ሲንሾካሾክ ትሰሚዋለሽ፤ ትንንሽ አረፋዎችም ከወለሉ እየተነሡ ወደ ላይ ሲወጡ ታያለሽ። ኖራው እየሟሟ መሆኑ በዚህ ይታወቃል። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ድረስ አቆይተሽ ድፊው፤ አረፋው ቆሞ ቅርፊቱ ግን ገና ካለ አቼቶው ደክሟልና አዲስ ቀይሪበት። በመጨረሻ ንጹሕ ውኃ አፍልተሽ አንድ ጊዜ ድፊ፤ አለዚያ የመጀመሪያው ሻይ ሰላጣ ሰላጣ ይሸታል። ሽቦውን ግን ተዪው፤ የተፋቀ ብረት ሸካራ ስለሚሆን ቀጣዩ ኖራ ይበልጥ አጥብቆ ይይዘዋል። በወር አንድ ጊዜ ብታደርጊው ቅርፊቱ የመወፈር ዕድል አያገኝም።

የሻወሩ ቀዳዳም ተደፍኖ ከሆነ አቼቶ በፌስታል አድርገሽ ራሱን አስጠልቂውና በላስቲክ እሰሪው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ፈትተሽ በአሮጌ የጥርስ ቡሩሽ ፈተግ አድርጊው።

ሳሙናውን በተመለከተ፣ ደረቅ ሳሙና ኖራ ካለው ውኃ ጋር ሲገናኝ አረፋ ከማውጣቱ በፊት ከኖራው ጋር ተጣብቆ ያንን ግራጫ ዝቃጭ ይፈጥራል፤ ልብስሽ ላይ ደርቆ የሚገትረውም እርሱ ነው። የዱቄት ሳሙናና ላርጎ የምንለው ፈሳሽ ሳሙና በዚህ ረገድ ይሻላሉ። ለልጆች ገላ ማጠቢያ ግን ውኃውን አፍልተሽ፣ አቀዝቅዘሽ፣ የዘቀጠውን ሳትነኪ ከላይ ከላዩ ብትቀጂ ደረቁም ሳሙና አረፋ ያወጣልሻል። ልብስ የምታለቀልቂበት የመጨረሻ ውኃ ላይ ለአንድ ባልዲ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ አቼቶ ብትጨምሪ ልብሱ ይለሰልሳል፤ ይህም በረኪና ባልነካው ልብስ ብቻ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ይህን በራሴ ወጪ ነው የተማርሁት። ትዳር በያዝሁ በሁለተኛው ዓመት ከዚራ ውስጥ ባለ አንድ አሮጌ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር፤ ወለሉ እንደ መስታወት የሚያበራ ቴራዞ ነበር። ከቧንቧው ሥር ነጭ የውኃ ጠባሳ አይቼ፣ ከማፍያው ጋር ባገኘሁት ድል ልቤ ተነሣሥቶ፣ ሎሚ ጨመቅሁበትና ቡና ላፈላ ሄድሁ። ስመለስ ጠባሳው ጠፍቷል፤ በምትኩ ግን እንደ ሰሃን የሰፋ የደበዘዘ ክብ ተቀምጦበታል። ቴራዞ የእብነ በረድ ፍርፋሪና ሲሚንቶ ነው፤ እብነ በረድ ደግሞ ራሱ የኖራ ድንጋይ ወገን ነው፤ ሎሚው ጠባሳውንና ወለሉን መለየት ከየት ይምጣለት? አከራያችን አዛውንት ምንም አላሉኝም፤ ግን በመጡ ቁጥር ዓይናቸው ቀጥ ብሎ እዚያች ክብ ላይ ያርፍ ነበር። እብነ በረድ፣ ቴራዞና የሲሚንቶ ወለል በለብታ ውኃና በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ብቻ ይወልወላሉ። አቼቶ ለሴራሚክ፣ ለብርጭቆና ለማይዝግ ብረት ነው።

ጥያቄ፦ ሲረክስ በብዛት የገዛሁት በረኪና ከጥቂት ወራት በኋላ ልብስ ማንጣት ተወ። ሻጩ አጭበርብሮኝ ይሆን? (ከለገሀሬ)

መልስ፦ ውኃ ጨምሮበት ሊሆን ይችላል፤ ሳይጨምርበትም ግን ይህ ይደርሳል። በረኪና ሙቀትና ብርሃን የሚያደክመው ነገር ነው፤ የድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ለሰውም የሚራራ አይደለም። ቆርቆሮ ሥር ወይም መስኮት ላይ የከረመ በረኪና ቀስ በቀስ ወደ ጨውና ውኃ ይለወጣል። ስለዚህ በሁለትና በሦስት ወር የሚያልቅ ያህል ብቻ ይግዙ፤ ብርሃን በማያሳልፍ ዕቃ፣ ቀዝቀዝ ባለ ጨለማ ቦታ ያኑሩት። በመጠጥ ውኃ ፕላስቲክ ውስጥ የሚሸጠውን ከገዙ ደግሞ እቤት እንደገቡ በላዩ ላይ ጉልህ ምልክት አድርገው ልጅ ከማይደርስበት ያስቀምጡት፤ ተጠምቶ ከሜዳ የመጣ ልጅ ሽታውን ሳያጣራ ይጎነጫልና።

ጥያቄ፦ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣልን ግቢያችን ውስጥ ሁለት በርሜልና ብዙ ጀሪካን አለን። ባለፈው ክረምት ማግሥት እኔና እኅቴ ዴንጊ ይዞን ሁለት ሳምንት ተኛን። ከዚያ ወዲህ በየማታው ፍሊት እነፋለሁ፤ ትንኙ ግን አልቀነሰም። ምን ይሻለኛል? (ከመጋላ)

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርሽ፣ እኅትሽንም ይማርልሽ። ፍሊቱ የሚገድለው የበረረውን ነው፤ አንቺ ግን የሚፈለፈልበትን ቤት ግቢሽ ውስጥ አቁመሽለታል። ዴንጊን የሚያስተላልፈው ትንኝ የረግረግ ትንኝ አይደለም፤ ከሰው ጋር ለመኖር የለመደ፣ በንጹሕ የተጠራቀመ ውኃ ውስጥ የሚራባ፣ በቀን፣ በተለይም ጠዋትና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የሚናከስ ነው። ማታ ማታ ፍሊት ስትነፊ እርሱ የቀን ሥራውን ጨርሷል።

ድሬዳዋ ይህን ነገር በተደጋጋሚ አይታለች። በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ዴንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያ ከተማዋን አዳርሰዋል፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የወባው ቁጥር ባልተለመደ ሁኔታ ሲያሻቅብ ከእስያ የመጣው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለው የወባ ትንኝ ከተማ ውስጥ ባሉ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ሲራባ ተገኝቷል። ይህኛው የሚናከሰው ሲመሽ ነው። እንግዲህ አንዱ በርሜል የቀኑንም የማታውንም ትንኝ ያሳድግልሻል ማለት ነው።

በርሜሉን አንድ ቀን ጠዋት በባትሪ አብርተሽ ተመልከቺው። እንደ ሰበዝ የቀጠኑ፣ ሲነኳቸው እየተጥመለመሉ ወደ ታች የሚሸሹ ነገሮች ካየሽ እነርሱ እጮቹ ናቸው። ከእንቁላል ተነሥቶ እስኪበር ድረስ ብዙውን ጊዜ ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ይበቃዋል፤ ሙቀት ሲበረታ ደግሞ ይፈጥናል። በሳምንት አንድ ጊዜ በርሜሉን ባዶ ማድረግ የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን የምንስተው ነገር አለ፤ ውኃውን መድፋት ብቻውን አይበቃም። የዴንጊዋ ትንኝ እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውኃው ወለል ጥቂት ከፍ ብሎ በዕቃው ግድግዳ ላይ ነው፤ ያ እንቁላል ደርቆ ለወራት ይቆይና ውኃ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ በርሜሉ ሲጎድል ውስጡን፣ በተለይም ውኃው ደርሶ ይቆምበት የነበረውን መስመር ዙሪያውን፣ በጠንካራ ቡሩሽና በሳሙና አጥብቀሽ መፈተግ ይኖርብሻል።

«ውኃ በፈረቃ እያገኘሁ እንዴት እደፋለሁ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። አትድፊው። እኔ የማደርገው በርሜሎቹን ማፈራረቅ ነው፤ አንደኛው እስኪያልቅ ሁለተኛውን አልነካም፣ አሮጌውን ውኃ ለወለል፣ ለሽንት ቤትና ለዛፍ እጨርሰዋለሁ፣ ፈረቃችን ከመድረሱ በፊት ባለው ቀን ባዶውን እፈትጋለሁ። ለመጠጥ የሚሆነው ዕቃ ከታጠበ በኋላ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና በጥብጠሽ ውስጡን ሁሉ አዳርሺበት፤ ትንሽ ቆይተሽ ድፊውና አለቅልቂው። አፉን ጥቅጥቅ ባለ ነጠላ ጨርቅ ሸፍነሽ በላስቲክ ወጥረሽ እሰሪ፤ ከላይ የሚቀመጥ እንጨት ወይም የቆርቆሮ ቁራጭ ለትንኝ በር እንጂ ክዳን አይደለም። ሮቶ ላላችሁም የሮቶው ክዳንና የትርፍ ውኃ መውጫው ቱቦ በወንፊት ጨርቅ መሸፈናቸውን ወጥታችሁ እዩ። ከዚያ ዞር ዞር በይ፤ የዶሮ ውኃ ማጠጫ፣ የአበባ ሳህን፣ አጥር ሥር የተጣለ ጎማ፣ ከማቀዝቀዣው ጀርባ ያለች ውኃ የምታጠራቅም ትንሽ ሳህን ሳትቀር ሁሉንም ፈትሺ። የመጨረሻዋን ማንም አያስታውሳትም።

ትኩሳት ዳግመኛ ከተነሣባችሁ ሳትመረመሩ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን አትውሰዱ፤ በዴንጊ ጊዜ ደም መፍሰስን ያባብሳሉና ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ጥያቄ፦ ጀጎል ውስጥ ያለው ቤታችን ከአባቶቻችን የወረስነው ነው። ረመዳን ሲቃረብ ግድግዳውን በኖራ መቀባት ልማዳችን ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ልጆቼ «በየዓመቱ ከመድከም ይገላግለናል» ብለው የውስጡን ግድግዳ ዘይት ቀለም ቀቡት። አሁን ከወለሉ እስከ ወገብ ድረስ እየተነፋ ይፈነዳል፤ ሥሩ ነጭ ዱቄት ያራግፋል፤ ቤቱም ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። እንደገና ዘይት ቀለም ይደረብበት ወይስ በሲሚንቶ ይለሰን? (አንድ አባት፣ ከሐረር)

መልስ፦ አባቴ፣ ሁለቱንም አያድርጉት። ልጆችዎ ያሰቡት ለደግ ነው፤ ቤቱ ግን እንደ አዲሱ የብሎኬት ቤት አልተሠራም። የጀጎል ነባር ቤት ግድግዳ በጭቃ የተያያዘ ወፍራም ድንጋይ ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ ከመሬትም ከዝናብም እርጥበት ይስባል፤ የሳበውን ደግሞ በገጹ በኩል ቀስ በቀስ ለአየር ይመልሳል። ኖራ ያስተነፍሰዋል፤ ዘይት ቀለም ግን አፉን ያፍነዋል። መውጫ ያጣው እርጥበት ከቀለሙ ጀርባ ተጠራቅሞ ቀለሙን ይነፋዋል፤ ከድንጋዩና ከአፈሩ ይዞት የመጣው ጨው እዚያው ሲደርቅ ያ የሚራገፈው ነጭ ዱቄት ይሆናል። ሲሚንቶ ቢለስኑት ለጥቂት ጊዜ ያማረ ይመስልዎታል፤ እርጥበቱ ግን ወደ ላይ መሄዱን ይቀጥላል እንጂ አይቆምም፤ ያኔ ከወገብ በታች የነበረው ችግር ትከሻ ላይ ይደርሳል።

መጀመሪያ ውኃው ከየት እንደሚገባ ይመርምሩ። ከጠፍጣፋው ጣራ የሚወርደው ውኃ ግድግዳውን እየላሰ ይፈስ ይሆን? ከውጭ ያለው የመንገዱ ከፍታ በየጊዜው በተደረበ ንጣፍ ምክንያት ከቤቱ ወለል በላይ ሆኖ ይሆን? ይህ ሳይታረም የሚቀባ ነገር ሁሉ ድካም ነው። ቀጥሎ የተነፋውን ዘይት ቀለም እስከ ጤነኛው ልስን ድረስ ይፋቁት፤ ዱቄቱን በደረቅ ቡሩሽ ያራግፉት እንጂ በውኃ አይጠቡት፤ ውኃው ጨውን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ከዚያ ግድግዳውን ባዶውን ትተው፣ በርና መስኮት እየከፈቱ በበጋው ወራት እንዲደርቅ ይጠብቁት። ለዚህ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ እንግዳ እየመጣ ባዶ ግድግዳ ማሳየት እንደሚያሳፍር አላጣሁትም።

ቀለሙ ከተፋቀ በኋላ ወደ ልማድዎ ይመለሱ። ያልጠፋ ድንጋይ ኖራ ከገዙ ኖራውን በብዙ ውኃ ላይ ጥቂት በጥቂት ይጨምሩት፤ ውኃውን በኖራው ላይ አያፍስሱ፤ ድንገት ፈልቶ ይረጫልና። ኖራ ዓይን ያጠፋል፤ የሚበጠብጠው ሰው መነጽርና ጓንት ያድርግ፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ታጥቦ ወደ ሐኪም ይኬድ። የጠፋው ኖራ በወንፊት ተጠልሎ እንደ ወተት ቀጥኖ ሲበጠበጥ ነው ለቅብ የሚሆነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በአንድ ጊዜ ለመጨረስ እንደ እርጎ አወፍሮ ይቀባል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቅና እጅና ልብስ ላይ ይራገፋል። ግድግዳውን በቅድሚያ በቡሩሽ ውኃ ረጨት ረጨት ያድርጉት፤ አንድ ስስ ቅብ ይቀቡ፤ በማግሥቱ ሁለተኛውን፣ በሦስተኛው ቀን ሦስተኛውን ይድገሙ። የመጀመሪያው ቅብ እርጥብ ሳለ ከሥሩ ያለውን ሁሉ የሚያሳይ ስስ ነገር ስለሚመስል «አልያዘም» ብለው አይደራርቡበት፤ እየደረቀ ሲሄድ በዓይንዎ ፊት ይነጣል። ነገሩ መድረቅ ብቻም አይደለም፤ ኖራው ከአየሩ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ተመልሶ ድንጋይ በመሆን ላይ ነው። ከላይ የሳቢያኗ እናት በአቼቶ የምትታገለው ድንጋይ እርስዎ ግድግዳ ላይ የሚፈልጉት ነው።

እንዳይራገፍ ሲሉ ጨው የሚጨምሩበት ሰዎች አሉ። እርስዎ ግን አይጨምሩ፤ ጨው እርጥበት ይስባል፤ የእርስዎ ግድግዳ ደግሞ ጨው አልጎደለውም። የነደባው፣ ማለትም ከፍ ብሎ የተሠራው የቤት ውስጥ መቀመጫ፣ ቀይ ጠርዝም በዚሁ መንፈስ ይታሰብ፤ በቀይ አፈር የነበረውን በአንጸባራቂ ቀለም መለወጥ ያንኑ ችግር ወደ መቀመጫዎ ማምጣት ነው። ጀጎል ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ ከውጭ በኩል አንዳች ነገር ከመለወጥዎ በፊት የከተማውን የቅርስ ባለሙያዎች ቢያማክሩ ይበጃል።

ጥያቄ፦ እናቴ ለሠርጌ የሰጠችኝ በግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ የሰፌድ ሥራዎች አቧራና የዕጣን ጢስ ጠጥተው ደብዝዘዋል። በሳሙና ባጥባቸው ምን ይላሉ? (አዲስ ሙሽራ፣ ከሐረር፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ እንዳትነክሪያቸው። ሣሩ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ቅርጹ ይጣመማል፤ ቀዩና አረንጓዴው ቀለምም ወደ ነጩ ይሸሻል። ከግድግዳው አውርደሽ በለስላሳ ደረቅ ቡሩሽ የስፌቱን ዙር ተከትለሽ ከመሐል ወደ ዳር አራግፊያቸው። ጢሱ ያልለቀቀ እንደሆነ ነጭ ጨርቅ ውኃ ነክረሽ እስኪበቃው ጨምቂውና ከጀርባው በኩል አንዲት ጥግ ሞክሪ፤ ጨርቁ ቀለም ካልያዘ ፊቱን ቶሎ ቶሎ ጥረጊው፤ ከያዘ እዚያው አቁሚ። ጥላ ውስጥ ነፋስ ይምታቸው እንጂ ፀሐይ ላይ አታስጪያቸው። አዲስ ኖራ በተቀባ ግድግዳ ላይም ፈጽሞ ሳይደርቅ አትስቀያቸው።

ጥያቄ፦ አቦ እትዬ፣ እኛ አራት ተማሪዎች ነን፤ ከዚራ አንድ ክፍል ተከራይተን መጅሊስ አንጥፈናል። ከሰዓት በኋላ ጓደኛ አይጠፋም፤ ጫቱም፣ ሻዩም፣ ለስላሳውም መጅሊሱ ላይ ይደፋል። አሁን ክፍሉ ይሸታል። የምንልከው ወደ ላውንደሪ ነው ወይስ መፍትሔ አለው? (ከከዚራ)

መልስ፦ በ«አቦ» ከጀመርህ አይቀር እኔም እንደ ታላቅ እኅት ልንገርህ፤ የሚሸተው የተደፋው ሳይሆን የተደፋው የተጠረገበት መንገድ ነው። ስኳር ያለው ሻይ ሲደፋ በእርጥብ ጨርቅ ስትፈትጉት ወደ ስፖንጁ ይሰምጣል፤ ስፖንጅ የጠጣውን ቶሎ አይተፋምና ስኳሩ እዚያው ይኮመጥጣል። እንደተደፋ በደረቅ ጨርቅ ተጭናችሁ አስመጥጡት፤ ጨርቁ መርጠብ እስኪተው ድረስ እየገለበጣችሁ ድገሙት፤ ከዚያ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና በነካው ቀዝቃዛ ውኃ በተጨመቀ ጨርቅ ነካ ነካ አድርጉት። ቅባት ከሆነ ውኃ ሳይነካው ዱቄት ነስንሱበትና ለጥቂት ሰዓት ተዉት፤ ዱቄቱ ቅባቱን ጠጥቶ ሲያበቃ ይራገፋል።

ላውንደሪ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሽፋኑን ሁሉ አውልቃችሁ እጠቡ፤ የተጫኑትን ቅጠሎችና ገለባ ከጎንና ከጎን መሐል ልቀሙ፤ ስፖንጁን ግቢ አውጥታችሁ በዱላ አቧራውን አራግፉለት። ፀሐይ ሽታ ስለምታጠፋ ይሞቅ፤ ነገር ግን ራቁቱን ስፖንጅ ቀኑን ሙሉ አታስጡት፤ ፀሐይዋ ታደርቀውና ይፈረፈራል፤ አሮጌ አንሶላ ጣሉበት። ማታ ሽፋኑን ከማልበሳችሁ በፊት ቤኪንግ ሶዳ ነስንሱበትና ጠዋት አራግፉት። ባለ ሱቁ ቤኪንግ ፓውደር ቢሰጣችሁ አትቀበሉ፤ እርሱ ስታርችና ኮምጣጣ ነገር የተጨመረበት የኬክ ማቡኪያ ስለሆነ በእርጥበት ጊዜ ሊጥ ሆኖ ይጣበቅባችኋል።

ጥያቄ፦ ቤቴ ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው፤ ጠዋት የጠረግሁት ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ተመልሶ አቧራ ይሆናል። በቀን ስንት ጊዜ ልጥረግ? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ አንድ ጊዜ፣ ግን ነፋሱ ካለፈ በኋላ። ጠዋት የሚጠርጉት ልማድ ስለሆነ ነው እንጂ አቧራው የሚመጣው ከሰዓት በኋላ መሆኑን ራስዎ ጽፈዋል። በደረቅ መጥረጊያ ሲጠርጉ አቧራው ተነሥቶ መደርደሪያው ላይ ያርፋልና መጀመሪያ ወለሉ ላይ ጥቂት ውኃ ርጭት ያድርጉ፣ ወይም መጥረጊያውን በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ይጠቅልሉት። ከላይ ጀምረው ወደ ታች ይውረዱ፤ መደርደሪያ፣ ከዚያ መቀመጫ፣ ከዚያ ወለል። የበሩን መጋረጃ በየሁለት ቀኑ አውጥተው ያራግፉ፤ ወደ ቤት ከሚገባው አቧራ ብዙውን የሚይዝልዎ እርሱ ነው፤ ሲጠግብ ግን በነፋሱ እየተወዛወዘ መልሶ ወደ ውስጥ ያፈስሰዋል።